ማለደ ማይኩን የያዘ ዕለት

ሊታል ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራችው ባሕር ነው። ፊልሙ በሚንቀሳቀስ ሥዕል የተሠራ ነበር፤ ብዙ ወጣቶች ተከፋፍለው ሲሠሩት ለሷ የደረሳት ማዕበሉ ሆነ። አንዱ የሰዎቹን ፊት፣ ሌላው ሰማዩን፣ ሌላዋ ድመቷን ይዘው ሲሠሩ፣ እሷ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ውኃ ስታወጣና ስታወርድ ኖረች። ፊልሙ አልቆ መታየት ሲጀምር ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር።

አባቷ ማለደ ሥራዋ ምን እንደሆነ በቅጡ አያውቅም። ሰው ሲጠይቀው «ሥዕል ትስላለች» ይልና ዝም ይላል። ድሮም ወሬ አያበዛም። ከጎንደር መጥቶ ኢየሩሳሌም አጠገብ ባለችው መቫሰረት ጽዮን ከሰፈረ ጀምሮ ዳቦ ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሰው የሚያውቀው በዝምታው ነው። ሊታል ሥዕል ልትማር እንደሆነ ስትነግረው «ጥሩ» አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ከቤት ወጥታ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከኢትዮጵያ ጎዳና ጀርባ አንዲት ክፍል ስትከራይ ደግሞ ካርቶኖቿን ከመኪናው አውርዶ ከደረጃው ሥር ደረደረላትና አንድ ቃል ሳይናገር ተመልሶ ሄደ። ክፍሏን ወጥቶ አይቶላት አያውቅም። ሊታል እንደተቀየማት እርግጠኛ ነበረች። እንዳትጠይቀው አማርኛዋ አይበቃም፤ የሱም ዕብራይስጥ ከሥራ ቦታና ከገበያ አያልፍም። እሷ በዕብራይስጥ ትናገራለች፣ እሱ በአማርኛ ይመልሳል፤ ስለ ምሳና ስለ አውቶቡስ ከሆነ በደንብ ይግባባሉ።

በሚያዝያ ወር ያርደን ደወለችላት። ያርደን የመቫሰረት አረጋውያን የሚሰባሰቡበት ክበብ፣ እነሱ «ሞዓዶን» የሚሉት፣ ኃላፊ ናት።

«ፊልምሽን ላሳያቸው ነው» አለቻት። «ኢየሩሳሌም፣ ሃነቪኢም መንገድ አጠገብ ትንሽ አዳራሽ አግኝቻለሁ። ግን የፊልሙ ዕብራይስጥ ይፈጥንባቸዋል። አንቺ ማይክ ይዘሽ በአማርኛ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እኔ? በአማርኛ? ያርደን፣ የኔ አማርኛ እኮ የአራት ዓመት ሕፃን አማርኛ ነው!»

«የኔ የሦስት ዓመት ነው፤ ስለዚህ አንቺ ትሻያለሽ። ደግሞ አባትሽም ይመጣል።»

ሊታል እምቢ ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። አባቷ እንደሚመጣ ስትሰማ «እሺ» አለች።

በቀጠሮው ቀን አውቶቡሱ ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ሃነቪኢም ላይ አወረዳቸው። አዳራሹ በሰላምታ፣ በሳልና በወንበር ድምፅ ተሞላ። ከፊት ለፊት የተቀመጡት እማማ እናና ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ልክ ሠርግ እንደተጠሩ ተዘጋጅተዋል። ከጎናቸው በማንኛውም ነገር ላይ አስተያየት የማያጡት አባባ ማሩ ተቀመጡ። ማለደ ከሁለቱ ኋላ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

መብራቱ ጠፋ። ማያው ላይ አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ በባሕር ዳር ስትሮጥ ታየች።

«ይቺ ልጅ ኖጋ ትባላለች» አለች ሊታል በማይኩ።

«ማን?»

«ኖጋ።»

«ነጋ የወንድ ስም አይደለም እንዴ?» አሉ አባባ ማሩ።

«ኖጋ… ብርሃን ማለት ነው።»

«እንግዲያው ንጋት እንበላት» ብለው እማማ እናና ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ንጋት ሆነች፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ማንም ኖጋ ብሎ አልጠራትም።

ንጋት ከአያቷ ጋር በትንሽ ደሴት ላይ የምትኖር ልጅ ናት። አያቷ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየውን ትልቅ መብራት የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በሞላት ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ ጥላዋ በአንድ ሌሊት እንደ ትልቅ ሴት ረዝሞ ታገኘዋለች። ወገብ አውጥቷል፤ ሲሄድ ይውረገረጋል። እሷ ስትቆም እሱ ይሄዳል፣ እሷ ስታፍር እሱ አንገቱን ቀና ያደርጋል።

ሊታል ይህን ሁሉ ልትናገር ፈለገች። ከአፏ የወጣው ግን «ንጋት ተነሳች፤ ጃንጥላዋ ትልቅ ሆነ» የሚል ነበር።

ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጃንጥላ ፈለገ።

«ዝናብም የለ» አሉ አባባ ማሩ። «ጃንጥላው የታል?»

«እዚያ! መሬት ላይ፣ ከኋላዋ!»

«እሱማ ጥላዋ ነው!» ብለው እማማ እናና ጮኹ። ሳቁ ከፊት ተነስቶ እስከ ኋላ ሄደ። ሊታልም ፊቷ እየጋለ አብራ ሳቀች፤ ሌላ ምን ታደርጋለች? ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ትንሽ ቆይታ «ንጋት አሁን ጎረምሳ ሆናለች» ስትል ሌላ ጩኸት ተነሳ።

«ሴት ልጅ እንዴት ሁና ነው ጎረምሳ የምትሆን? ኮረዳ በይ ልጄ፣ ኮረዳ!»

«ሬጋ፣ ሬጋ!» አለች ሊታል፤ ቆይ ማለቷ ነበር። ፊልሙ ግን አይቆይላትም። አንዱን ቃል እስክታገኝ ማያው ላይ ሦስት ሰው ተናግሮ ያልፋል። ንጋት ጥላዋን ሣጥን ውስጥ ልትቆልፍበት ስትታገል፣ ቀጥሎም ጥላ እንዳይኖራት ብላ ጨለማ ጓዳ ገብታ ስትቀመጥ፣ ሊታል አንዱንም አላደረሰችውም። በመጨረሻ ማይኩን ዝቅ አደረገችና ወደ ያርደን ዞረች። ዓይኗ እንባ ሊያመጣ ደርሶ ነበር።

«ስጭኝ እስቲ ያንን ነገር» አሉ እማማ እናና እጃቸውን ዘርግተው። «ነይ እዚህ አጠገቤ ተቀመጭ። አንቺ የሚሉትን ቀስ ብለሽ በጆሮዬ ንገሪኝ፤ እኔ ልጅቱን እሆናለሁ።»

የሰባ አራት ዓመቷ እማማ እናና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኑ። ሊታል በተሰባበረ አማርኛ ሹክ ትላለች፣ እሳቸው ተቀብለው ድምፃቸውን አቅጥነው ይናገራሉ። «ሂድ ከኔ! ምን ያንቀባርርሃል? ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ጥላውን ሲቆጡት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ማሩ ሳይጠየቁ ማይኩን ተሻምተው መርከበኛውን ሆኑ፤ ቀጥለው ዓሣ ሻጯን፤ ድመቷም ሳትቀር «ሚያው» ያለችው በሳቸው አፍ ነው።

«አያቱንስ ማን ይሁን?» አሉ እማማ እናና። «ማለደ፣ አንተ ሁን።»

ማለደ በእጁ «ተዉኝ» አለ። ስለዚህ አያቱንም አባባ ማሩ ያዙት።

መሀል ላይ አባቷ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«የቱ ነው ያንቺ?»

«ባሕሩ፣ አባ።»

«የቱ ባሕር?»

«ሁሉም። ማዕበሉን እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ማለደ ማያውን አየ። ማዕበሉ ከሩቅ ተነስቶ፣ ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ፣ ዳር ሲደርስ እንደ ነጭ ጥጥ ተፈታ። አባባ ማሩ ጆሯቸውን ጥለው ሲሰሙ ኖሮ ማይኩን ከእማማ እናና ነጠቁና አወጁ። «ስሙ! ይኸ ባሕር የማለደ ልጅ ሥራ ነው!» ከዚያ ወዲያ ማዕበል በመጣ ቁጥር አዳራሹ አጨበጨበ። አንዲት አሮጊትማ እልል አሉ። የውኃ ነገር ነውና ማዕበል ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ።

ፊልሙ ወደ ማለቁ ሲል ንጋት ከጥላዋ ጋር ታረቀች። አንድ ምሽት አያቷ ትልቁን መብራት ወደ ባሕሩ ዳር አዞረላትና፣ አሸዋው ላይ ልጅቱና ጥላዋ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጨፈሩ። በማግስቱ ጀልባ መጣ። ንጋት ማዶ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት መሄዷ ነው። አያቷ ሻንጣዋን ተሸክሞ ወደ ዳር ወረደ።

እዚህ ላይ አባባ ማሩ ተራቸውን ሲጠብቁ፣ እማማ እናና ማይኩን አሳልፈው ማለደ ጉልበት ላይ ጣል አደረጉት።

«ይኸ ያንተ ነው» አሉት።

ማለደ ማይኩን አየው። ማያው ላይ ሽማግሌው ሻንጣውን ጀልባው ውስጥ አስገባ፤ አፉ ተንቀሳቀሰ። ሊታል ዞር ብላ «ጀልባው እንዳያመልጥሽ ነው የሚላት» አለችው በሹክሹክታ።

«ጀልባው እንዳያመልጥሽ» አለ ማለደ በማይኩ። ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ብዙዎቹ ሲናገር የሰሙት የዚያን ዕለት ነው። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አልተናገረም፤ ጀልባው ተንቀሳቀሰ፣ ንጋት እጇን አወዛወዘች። ማለደ ግን ማይኩን አልመለሰም።

«ልጄ» አለ። «ዕቃሽን አውርጄ ዝም ብዬ የሄድሁ ጊዜ፣ የከፋኝ መስሎሽ ይሆናል። አልከፋኝም። አፌ እምቢ አለኝ እንጂ። ትንሽ ሳለሽ ግድግዳውን ሁሉ ስትሞነጫጭሪው እናትሽ ትቆጣ ነበር፤ ቀለሞቹን ልትጥልብሽ ስትፈልግ ኪሴ ውስጥ የደበቅሁልሽ እኔ ነኝ። ሱሪዬ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። በሥራሽ እኮራለሁ። ምን እንደምትሠሪ አላወቅሁም ነበር፤ ግን እኮራ ነበር።»

ማያው ላይ ጀልባው ጠፍቶ ባሕሩ ብቻ ቀርቷል።

«ሽማግሌው እኮ አፉን ከዘጋ ቆየ» አሉ እማማ እናና ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ማለደ ገና ነው!»

ያን ጊዜ ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ ገነፈለ። ሊታል ከወንበሯ ተነስታ በወንበሩ ላይ ተሻግራ አባቷን አቀፈችው። ብዙ ነገር ልትለው ፈለገች፤ ያገኘችው «እሺ አባ፣ እሺ» ብቻ ነበር። እሱም ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ማይኩ እንደተከፈተ ስለነበር የእጁ ድምፅ ዱብ ዱብ እያለ በአዳራሹ ተሰማ።

ሲወጡ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። አውቶቡሱ እስኪመጣ ጊዜ ስላለ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ድረስ እግራቸውን ሊያፍታቱ ሄዱ፤ በግንቦቹ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ክርክሩ ተጀመረ። አባባ ማሩ፣ አያትየው ጥፋተኛ ነው አሉ። «ገና ጥላዋ ሲረዝም ጠርቶ ‹ልጄ፣ ይኸ የሁሉ ሰው ነው› ቢላት ኖሮ ያን ያህል ባልተሰቃየች!» እማማ እናና አልተስማሙም።

«ቢነግራት ፊልሙ ከምኑ ይሠራል? እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሙሽራ ነበርሁ፤ ጥላዬ ይርዘም ይጠር ያየሁበት ጊዜ የለም። እንደሷ ጓዳ ገብቼ ባኮርፍ ምን ነበረበት!»

ይህን ሲሉ ፀሐይዋ ከኋላቸው ነበረችና ጥላቸው ከእግራቸው ሥር ጀምሮ እዚያ ያለውን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግንብ እስከ ጫፉ ወጥቶ ነበር። እማማ እናና ቆም ብለው አዩት። ትከሻቸውን አንዴ ነቅነቅ አደረጉ፤ ጥላውም ነቀነቀ። ከዚያማ ማን ይያዛቸው! እስክስታውን አወረዱት፣ ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ አባባ ማሩም ጥላቸውን ይዘው ገቡበት።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ተከፈተና አንዲት አሮጊት መነኩሲት ብቅ አሉ።

«ምን ሁናችሁ ነው? ሠርግ ነው እንዴ?»

«የለም እመሆይ፣ ፊልም አይተን ነው» አሉ እማማ እናና ቁና ቁና እየተነፈሱ። ሦስት አራት ሰው ባንድ ጊዜ ታሪኩን ያስረዳቸው ጀመር፤ አንዱ ከመጨረሻው፣ አንዱ ከድመቷ ጀምሮ። እመሆይ በትዕግሥት አዳመጡ።

«ታዲያ ልጅቱ በመጨረሻ መነነች?»

«የለም፤ ከጥላዋ ጋር ጨፍራ ትምህርት ቤት ሄደች።»

«እሱም ደግ ነው» አሉ እመሆይ። ነገሩን አመዛዝነው ሲያበቁ ግን «ድመቷስ ከማን ጋር ቀረች?» ብለው ጠየቁ። ስለ ድመቷ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። እንደገና ክርክር ተነሳ፤ ያርደን አውቶቡሱ መጣ ብላ ብትጣራም የሚሰማት ጠፋ።

ማለደ ግን ወደ አውቶቡሱ አልሄደም። ከሊታል ጎን ቆሞ «ቤትሽ በየት በኩል ነው?» አላት።

«በዚህ ጋ፣ አባ። ግን ደረጃው ብዙ ነው።»

«ይሁን።»

ደረጃውን ሁለቴ አርፎ ወጣው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ላይ የተለጣጠፉ ሥዕሎች። ማለደ አንድ በአንድ ዞሮ አያቸው። ስለ አንዳንዶቹ ጠየቃት፤ እሷም በእጅዋም በአፏም አስረዳችው፣ ቃል ሲጠፋት እሱ ያቀብላታል። ሻይ አፈላችለት። ስኳሩን ሲያማስል ስልኩ ጮኸ። የልጅ ልጅ ስትጠብቅ ቤት የቀረችው የሊታል እናት ትርሲት ነበረች፤ አውቶቡሱ ያለሱ መምጣቱን ሰምታ ደንግጣለች።

«ሊታል ቤት ነኝ» አላት። «ደኅና ነኝ። ፊልሙማ… ቆይ ልንገርሽ። አንዲት ንጋት የምትባል ልጅ አለች…»

ሊታል ብርጭቆዋን ይዛ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ይኼን ያህል ሲያወራ ሰምታ አታውቅም። መርከበኛውን ነገራት፣ ዓሣ ሻጯን ነገራት፣ እማማ እናና ጥላውን የተቆጡትን በእማማ እናና ድምፅ ነገራት። ጀልባው የመጣው ከጭፈራው በፊት ነው አለ፤ ልክ አልነበረም፤ ሊታል ግን አላረመችውም። ባሕሩ ጋ ሲደርስ ሻዩን አስቀመጠና፣ በስልክ እንደማይታይ እየረሳ፣ ማዕበሉ እንዴት እንደሚነሳ በሁለት እጁ ሊያሳያት ጀመር።