ያልታተመው ፊልም

ታላቅ እህቴ በዕድሜዋ ሙሉ ከእኔ የጠየቀችውን ነገር ብቆጥረው የአንድ እጄን ጣት አይሞላም። የመጨረሻው አንድ ፊልም ነበር። እሱንም ከለከልኳት።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሮቹን የማያቸው እኔ ነኝ። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። እታለም ልብስ ሰፊ ነበረች። በእሷ ስፌት ቤት፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ፣ አንድ ደንበኛ ጥሎት የሄደውን አሮጌ ኮምፒውተር ስፈታና ስገጥም ነው ያደግሁት። የፈታኋቸው ብሎኖች እንዳይደባለቁብኝ በጠመኔዋ ጠረጴዛው ላይ ክብ ክብ እየሠራች እያንዳንዱን በየክቡ ታስቀምጥልኝ ነበር። ቀጭን ስለነበርኩ፣ ኪሴም ከሽቦ ስለማይጠፋ፣ ስሜን ትታ «ሽቦ» ትለኛለች። ሆስፒታሉ ሲቀጥረኝ ለደንበኛ ሁሉ ወንድሜ ሐኪም ሆነ እያለች አወራች። የምን ሐኪም ሲሏት፣ የኮምፒውተር፣ እሱ ባይኖር ሐኪሞቹ ራሳቸው አልጋ ይይዛሉ ትላቸዋለች።

ፊልም እንዲቀር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ድሮ ሲቲ ስካን የተነሳ ሰው ምስሉ በጥቁር ፊልም ታትሞ በትልቅ ፖስታ ይሰጠው ነበር። እኔ ስብሰባ ላይ ቆሜ አያስፈልግም አልኩ። ምስሎቹ ሁሉ አንድ ማከማቻ ውስጥ ይገባሉ፤ ማከማቻው በኔትወርክ ከሰርቨሮቹ ጋር ይገናኛል፤ ሐኪሞቹ ባሉበት ክፍል ሆነው ይከፍቱታል። ፊልም ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ዝናብ ይመታዋል፤ ይሄ ግን የትም አይሄድም አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ። የፊልም ማተሚያው ጨርቅ ለብሶ ምድር ቤት ወረደ።

እታለም ሆዷን ታማ ምስል የተነሳች ቀን፣ ከክፍሉ እንደወጣች እጇን ዘረጋችልኝ።

«ፊልሜስ?»

ቀርቷል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ አልኳት። እዚያ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በአገጬ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ አመለከትኳት። የድሮዎቹን ፊልሞቿን ከፍራሿ ሥር እንዳስቀመጠቻቸው፣ ይሄንንም በእጇ ብትይዘው ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። በሲዲ ልገልብጥላት ብል እንኳ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ኩራት ያዘኝ።

«እኔ እያለሁ ፊልም ምን ያደርግልሻል?»

«እሺ ሽቦ» አለችና ሳቀች። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ በሩ ሄደች።

በማግስቱ የሲቲ ስካኑ መሣሪያ ተበላሸ። መለዋወጫው በሦስት ሳምንት ይመጣል ተባለ። ሌሎቹ ሕመምተኞች ወደ ሌላ ቦታ ተላኩ፤ እሷ አንድ ቀን ቀድማ ስለተነሳች ዕድለኛ ናት አልን። ቀዶ ጥገናዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባሏ በሥራ መኪናው አመጣት። ባሏ አናጢ ነው። ለደንበኛ ሊያደርስ የጫናቸውን በሮች ለማውረድ እንኳ ፋታ አላገኘም፤ በመሃላቸው ፍራሽ አንጥፎ አስተኛት። ውስጧ እየደማ ነበር። ከንፈሯ ነጥቷል። በተሽከርካሪው አልጋ ሲገፏት አየችኝና ወደ ባሏ በዓይኗ ጠቀሰች።

«ከበሮቹ ጋር ጭኖኝ መጣ፤ ተሳስቶ ሰው ቤት እንዳይገጥመኝ።»

ለእኔ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው።

ቀዶ ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። ሆዷ ውስጥ ካደገው ዕጢ አጠገብ አንድ ትልቅ የደም ሥር አለ፤ በአንዳንድ ሰው በቀኝ፣ በአንዳንድ ሰው በግራ ያልፋል። የእታለምን ምስል አንዴ አይታዋለች፤ ግን ከዚያ ወዲህ የስንት ሰው ሆድ አይታለች፣ በትዝታ መቁረጥ አልፈልግም አለችኝ። ያን ጠዋት ደግሞ ምስል የሚባል ነገር በየትኛውም ክፍል አልከፈት ብሏል።

«ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?»

«ሃያ።»

«የማይሆን ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ። ከዚያ በላይ እኔ ብጠብቅም እሷ አትጠብቀኝም።»

ሃያ ይበቃኛል አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምስሎቹን የሚያቀርበው ኮምፒውተር ገላ የለውም። ምድር ቤት ያለው ትልቅ ሰርቨር በሆዱ ከሚይዛቸው ብዙ ኮምፒውተሮች አንዱ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። ምስሎቹ ራሳቸው ሌላ ሕንጻ ባለው ማከማቻ ውስጥ ናቸው። ማሽኑ በኔትወርክ በኩል እንደ ራሱ ዲስክ ይጠቀምበታል። ማከማቻው መልክ አያይም። የሚጠይቀው ስም ነው፤ ስሙ ከተፈቀደላቸው ማሽኖች ዝርዝር ውስጥ ካለ ይከፍታል።

ያን ጠዋት የምድር ቤቱ ሰርቨር ድምፁን አጠፋ። ከጠረጴዛዬ ሆኜ ብጠራው አይመልስም። ሞቷል አልኩ። እንዲህ ሲሆን የሚደረገውን አውቃለሁ፤ የምስሉ ማሽን ቅጂ በሌላ ሰርቨር ላይ አለኝ። ቅጂው ስሙም የዋናው ስም ነው፤ ባስነሳው ማከማቻው ዋናው መስሎት ይከፍትለታል። አንድ ነገር ብቻ ይቀድማል፤ ምድር ቤት ወርዶ የዋናውን ሰርቨር ኃይል በእጅ ማጥፋት። የሞተ ቢመስልም ማጥፋት። ይሄን ሕግ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ።

ምክንያቱን ለእታለም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በስፌት ቤቷ በአንድ ጨርቅ ላይ ሁለት ሰው መቀስ እንዲያነሳ አትፈቅድም። ሁለቱ የየራሳቸውን ልክ ይዘው፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ከቆረጡት፣ ኮት ሊሆን የነበረው ጨርቅ ብጥስጣሽ ሆኖ ይቀራል። ማከማቻውም እንደዚያው ነው። የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ ማሽኑ በራሱ ጭንቅላት ይይዘዋል፤ ሌላ ማሽን ገብቶ ይሆናል ብሎ አይጠረጥርም።

የምድር ቤቱ ቁልፍ ያለው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ዘንድ ነው። ጋሽ ማኅተም እንላቸዋለን፤ ማኅተም ካላዩ መርፌ እንኳ አያወጡም። ደወልኩላቸው። ዕቃ ሊረከቡ ዋናው በር ሄደዋል፤ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ጉልበታቸው ቢፈቅድላቸውም ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ልምጣልህ ወይስ ትመጣለህ አሉኝ። ሰዓቴን አየሁ። ከሃያዋ ላይ ስድስቱ ሄዷል።

ይተዉት አልኳቸው።

ቅጂውን አስነሳሁት። ማከማቻው ስም ጠየቀው፤ ሰጠው፤ ተከፈተለት። የሕመምተኞቹ ዝርዝር ስክሪኔ ላይ መውረድ ጀመረ። የእታለምን ስም ከአባታችን ስም ጋር አየሁት። ሳላውቀው ተነስቼ ቆሜያለሁ። ለቀዶ ሐኪሟ ደወልኩ።

«ዶክተር፣ ተነስቷል። ይክፈቱት።»

ቀጥዬ ለባሏ ደወልኩ። ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። አታስብ ጋሼ፣ አገኘሁላት አልኩት። ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ስልኩን ሳልዘጋ ዝርዝሩ ቆመ። ስክሪኑ አንዴ ነጭ ሆነ። ስሞቹ ሲመለሱ ስም አልነበሩም፤ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሳጥን ብቻ። በሌላኛው መስኮት የምድር ቤቱ ሰርቨር አረንጓዴ በርቷል። ለካ አልሞተም። የደነዘዘው ከእሱ ጋር የሚያገናኘኝ የኔትወርክ ማከፋፈያ ነበር፤ የምስሉ ማሽን ያቋረጠውን ሥራ በጭንቅላቱ እንደያዘ መስመሩን ሲጠብቅ ቆይቷል። መስመሩ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ማሽኑም ካቆመበት ቀጠለ፤ ቅጂው በጻፈው ላይ ጻፈበት፤ ቅጂውም መልሶ ጻፈበት።

በኋላ ሰዓቱን አመሳከርኩት። ምንም ሳልነካ እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ኖሮ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ምስሉ ይከፈት ነበር።

ሁለቱንም አጠፋሁ። አንዱን ብቻ አስነሳሁ። ማከማቻውን አየና ይሄ ዲስክ ባዶ ነው፣ እንደ አዲስ ላዘጋጀው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ካልኩት የእታለም ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሰው ምስል ይጠፋል። አይ አልኩት። መልሶ ጠየቀኝ። አጥፍቼ አስነሳሁት፤ ያንኑ ጠየቀኝ። ስልኩ ጮኸ።

«ስክሪኑ ባዶ ነው» አለች ቀዶ ሐኪሟ።

«አሁን እኮ አይቼው ነበር።»

«እኔ አላየሁትም። ካየኸው፣ የደም ሥሩ በየት በኩል ነው?»

ያየሁት ስሟን ነው። ምስሉን አልከፈትኩትም። ለመደወል ቸኩዬ ነበር።

«አላውቅም ዶክተር።»

«በል፣ ገባሁ።»

ደም አምጡ ተብሎ ነርሷ በኮሪደሩ ስትሮጥ ሰማሁ። ሁለተኛም ሮጠች። ሦስተኛ አልሮጠችም። እኔ አሁንም ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ ያንኑ ጥያቄ አይ እላለሁ፤ እሱ ይጠይቀኛል፣ እኔ አይ እላለሁ። ባሏ መቼ እንደገባ አላየሁም። ትከሻዬ ላይ እጁን አሳረፈ፤ ሰውነቱ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸታል።

«ሽቦ» አለኝ፤ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። «ተወው በቃ።»

ከቀብሩ ስንመለስ ምስሉን የሚያሳየው መሣሪያ ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቀኝ። ተበላሸ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ዕቃ መበላሸቱን ያውቃል፤ ሌላ አልጠየቀኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ ማከማቻውን በቁራጭ በቁራጭ መፈተሽ ያዝኩ። የተበላሸው ማውጫው ነው እንጂ ምስሎቹ እዚያው ናቸው፤ እያንዳንዱ ሲጀምር የሕመምተኛው ስምና ቀኑ አለበት። ያንን እየተከተልኩ እንደ ብሎን እያንዳንዱን በየቦታው አስቀመጥኩ። የሰው ሁሉ ምስል እየተመለሰ የእሷ ይዘገያል። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አገኘኋት። አራት መቶ ሃያ ስድስት ቁራጭ፤ አንድም አልጎደለም።

ጋሽ ማኅተም ዘንድ ሄጄ ፊልም ጠየቅኳቸው። ማኅተም ያለበት ወረቀት አሉኝ፣ በልማድ። ስሟን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ቀድመውኝ ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ የማተሚያውን ጨርቅ የገለጡትም እሳቸው ናቸው።

ፊልሙን መጀመሪያ ለቀዶ ሐኪሟ ወሰድኩላት። መስኮቱ ላይ አስደግፋ ብዙ አየችው።

«በቀኝ ነው» አለች። «ባየው ኖሮ በቀኝ አልገባም ነበር። ትተርፍ ነበር ወይ ብትለኝ አላውቅም። በቀኝ ግን አልገባም ነበር።»

አጥፍተሃልም ይቅር ትባላለህም አላለችኝም። ፊልሙን በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

እታለም ቤት ስደርስ ባሏ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ አገኘሁት። የጠረጴዛው አንድ እግር ለዓመታት ሲንገዳገድ፣ የሰው ቤት በር የሚገጥም ባል አግብቼ ትለው ነበር። አሁን እየጠገነው ነው። ቆሜ ነገርኩት። መሣሪያው አልተበላሸም ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት አልኩት። ስለ ቁልፉ፣ ስለ ሩብ ሰዓቱ፣ በአንድ ጨርቅ ላይ ስላነሳሁት ሁለተኛ መቀስ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ቀዶ ሐኪሟ ያለችውንም አልደበቅኩትም። ምስማሮቹን ከአፉ አንድ በአንድ እያወጣ መሬት ላይ ደረደራቸው።

ፊልሙን ተቀብሎኝ ወደ ብርሃኑ አነሳው። የያዘው ገልብጦ ነው። አስተካከልኩለት። ሥሩ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በጣቴ አሳየሁት።

«መኪናው ውስጥ እኮ የምታጽናናኝ እሷ ነበረች» አለኝ። «ምስሉን ሽቦ ይዞልኛል፣ ምን አስፈራህ ትለኝ ነበር።»

ፊልሙን መለሰልኝና ወደ ጠረጴዛው እግር ዞረ። መዶሻውን አነሳ፤ አልመታም።

መኝታ ቤት ገብቼ ፍራሹን ከፍ አደረግሁት። የድሮዎቹ ፊልሞች በየፖስታቸው ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑ በእሷ እጅ ተጽፏል። ከሁሉም በላይ ያለው ፖስታ ባዶ ነበር። እጇን ዘርግታ ፊልሜስ ያለችኝ ቀን ተጽፎበታል።