ቀዩን ከውሃ ማስነሳት

ሰፈሩ በሙሉ ቀጥ-በል ይለዋል። ፎቶ አንሺ ነው፤ ስሙንም ያወጣለት ሥራው ነው። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል «ቀጥ በል!» ይላል። ሴት ከሆነች «ቀጥ በይ»፣ ሽማግሌ ከሆኑ «ቀጥ ይበሉልኝ»። ሕፃን ከሆነ የሚቆጣው እናትየውን ነው። ነገሩ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር፤ ሰው ቤት ሄዶ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ሥዕል ካየ ግን የቀረበለትን ሳይቀምስ ተነስቶ ያቃናል። አንዴ ለቅሶ ቤት የሟቹን ፎቶ ሲያስተካክል ሚስትየዋ ለቅሶዋን አቋርጣ «ትንሽ ወደ ግራ» አለችው ይባላል። እሱ ግን ይሄ የሰው ወሬ ነው፣ ወደ ቀኝ ነው ያለችኝ ይላል።

ስቱዲዮውን የሚሠራው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። ደንበኛ የምትቀበለው፣ የምታትመው፣ የምትቆርጠው እሷ ናት። እሱ ያነሳል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ብጉር ያጠፋል፣ አንገት ያቃናል፣ ትከሻ ያስተካክላል። በምሳ ሰዓት ግን በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ «ዝግ ነው» ወደሚለው ይዞርና ያው ኮምፒውተር አውሮፕላን መሥሪያ ይሆናል።

ጌም ነው። እሱ ፊት «ጌም ነው» ማለት ግን አይመከርም። ክንፉን ራስህ ትቀርጻለህ፣ ሞተሩን ራስህ ትገጥማለህ፣ ነዳጁን ራስህ ትሞላለህ፤ ከዚያ ታበረዋለህ። ካልበረረ የምታሳብብበት ሰው የለም። እሱ በኢንተርኔት የገባበት ቡድን ደግሞ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የድሮ የእሽቅድምድም አውሮፕላኖችን፤ ያውም ከውሃ ተነስተው ውሃ ላይ የሚያርፉትን። በጎማ ፈንታ ሁለት ጀልባ የመሰሉ እግሮች አሏቸው። በአያቶቻችን ዘመን አገሮች እኔ እቀድም እኔ እቀድም እየተባባሉ ባሕር ላይ ያሽቀዳድሟቸው ነበር።

የቡድኑ ሕግ አጭር ነው። አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ባለቤት። የወሰድከውን ልክ እንደ ጥንቱ አድርገህ ትሠራለህ። በጉባኤ ቀን ሁሉም እያየህ ከውሃው ታስነሳዋለህ፣ በሦስት ምሰሶዎች ዙሪያ ታበረዋለህ፣ መልሰህ በቢጫ በርሜሎች በታጠረው ውሃ ውስጥ አሳርፈህ ታቆመዋለህ። በሦስት ጉባኤ ካልተሳካልህ አውሮፕላኑ ካንተ ተወስዶ ለተረኛው ይሰጣል። ሆዱ ውስጥ ድብቅ ሞተር ሸጉጦ የተገኘ ደግሞ ከነአካቴው ይባረራል። ሕጉን የምታስከብረው ቲቸር የሚሏት የሒሳብ አስተማሪ ናት። መልኳን ያየ የለም፤ ድምጿን የሰማ ሁሉ ግን ጥፍሩን መቁረጡን ያረጋግጣል።

ቀጥ-በል የያዘው ቀዩን ነው። ቀጭን፣ አፍንጫ ረጅም፣ ቁጡ መልክ ያለው አውሮፕላን። ከአሮጌ ፎቶዎች እየለካ ሁለት ዓመት ሠርቶታል። ለማየት ያሳሳል። ችግሩ አንድ ነው፤ አይነሳም። ሞተሩን ሲከፍተው አፍንጫው ላይ ያለው ፕሮፔለር ወደ አንድ ጎን ይሽከረከራል፣ አውሮፕላኑን ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ይጠመዝዘዋል። ግራ እግሩ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ክንፉ ይከተላል፣ ከዚያ ግልብጥ! በመጀመሪያው ጉባኤ ተገለበጠ። በሁለተኛው ደግሞ ተገለበጠ።

«ቀጥ-በል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው ያኔ በማዳመጫው አውሎ የሚሉት ጎረምሳ። «አውሮፕላን ነው የሠራኸው ወይስ ሰርጓጅ መርከብ?» የቀዩ ተረኛ አውሎ ነው። ቀይ ቀለሙን አሁንም አሁንም ያደንቃል፤ ሰው ሊገዛው ያሰበውን ቤት እንደሚያደንቅ ዓይነት።

ሦስተኛው ጉባኤ የዚህ ሳምንት ቅዳሜ ነው።

«አንድ ትንሽ ሞተር ሸጉጥበትና እንገላገል» አለች እህቱ፣ ጉርድ ፎቶ እየቆረጠች።

«ማጭበርበር ነው እትዬ።»

«እህ! ትናንት የሙሽራዋን አገጭ ማን ነው ያጠፋው?»

«ሁለተኛውን ነው ያጠፋሁት። አንዱን ትቼላታለሁ።»

«አሃ። ሰው ሲሆን ማሳመር፣ ቆርቆሮ ሲሆን ማጭበርበር።»

«ደንበኛ የሚመጣው ለማማር ነው። ይሄኛው ግን አንድ ጊዜ በእውነት በርሯል። ድብቅ ሞተር ሳይኖረው በርሯል። እኔም ሳልደብቅ ነው የማስነሳው።»

«ካልተነሳስ?»

«ይነሳል።»

«ያ አውሎ የምትሉት ይወስደዋል እኮ።»

«እትዬ፣ ፎቶሽን ቁረጪ።»

ያን ሳምንት ምሳ የሚባል ነገር አልቀመሰም፤ አንድ ቀን እህቱ ዳቦ አጉርሳዋለች፣ እሱ ግን አያስታውስም። የቀዩን እግሮች አሰፋቸው፤ ተነሳ፣ ግን ፎቶው ላይ ያለውን መምሰሉ ቀረና መልሶ አጠበባቸው። ሞተሩን ቀስ አድርጎ ከፈተው፤ አልተገለበጠም፣ አልተነሳምም፤ እንደ ዳክዬ የጌሙን ሐይቅ ሲዞር ዋለ። ሲገለበጥበት አይሳደብም። ጥርሱን ነክሶ «እንደገና» ይላል። እህቱ «እንደገና» የሚለውን ቃል በሕልሟ መስማት እንደጀመረች ለደንበኛ ሁሉ ተናገረች።

ሐሙስ ዕለት ፖስተኛው ተመልሶ መጣ። ጡረታ ሊወጣ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ እዚሁ ተነስቶ፣ ታትሞለት ወስዶ ነበር። አሁን ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ ዘረጋና በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ማነው?»

እህትየው አንገቷን አስግጋ አየች። «እርስዎ ነዎታ ጋሼ።»

«እኔ አይደለሁም። ሚስቴን ጠየቅኳት፤ ወንድምህ ነው አለችኝ። ወንድም የለኝም።»

ቀጥ-በል ከኮምፒውተሩ ተነስቶ መጣ። «ምን ጎደለ ጋሼ?»

«ትከሻዬ! ቀኝ ትከሻዬ የት ገባ?»

«ይኸው አለ እኮ።»

«ይሄማ ከግራው እኩል ነው! ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ትከሻ ቦርሳ ተሸክሜ ነው የኖርኩት። እየው!» ቀጥ ብሎ ቆመላቸው፤ ቀኝ ትከሻው ከግራው በአራት ጣት ዝቅ ብሎ ቀረ። «ቦርሳውን ባወርደውም ወደ ቦርሳው ነው የማጋድለው። ይሄን ለማዝመም ስንት ደረጃ እንደወጣሁ ታውቃለህ? አንተ ቁጭ ብለህ ጠቅ አድርገህ አቃናኸው!»

«እንዲያምርብዎ ብዬ ነው።»

«እጁን አጣምሮ የኖረ ሰው አስመሰልከኝ። ትከሻዬን መልስልኝ።»

ቀጥ-በል ሄዶ ያልተነካካውን ፎቶ ከፈተ። ፖስተኛው እዚያ ነበር፤ ከነትከሻው፣ ሸክሙ የት እንደነበር ለማንም በሚናገር አቋቋም። ቀጥ-በል ፎቶ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አለው፤ እስኪቃና ያዞረዋል፣ የተረፈውን ጠርዝ ይቆርጠዋል። ጣቱ ይህን የሚያደርገው እሱን ሳያስፈቅድ ነው። አሁንም ጣቱ ሄዶ ነበር። መንገድ ላይ ቆመ።

«እትዬ» አለ። «የቀዩን ፎቶዎች ያገኘሁ ጊዜ ምን አድርጌአቸው ነበር?»

«እኔ ምኑን አውቄ? በሰው ሁሉ ላይ የምታደርገውን ነዋ።»

ያልተነኩትን ከድሮ ፋይሎቹ ሥር ጎትቶ አወጣቸው። አውሮፕላኑን ከፊት ለፊት የሚያሳዩት ሦስት ናቸው። ያን ጊዜ እንዳያቸው ምን እንዳለ ትዝ አለው፦ «ምስኪኖች! ጀልባ ላይ ሆነው ሲያነሱ እጃቸው ተወላገደ።» ለጥንት ባልደረቦቹ አዝኖ የአውሮፕላኑን ክንፎች በማስመሪያ ቀጥ አደረገላቸው፤ ያጋደለውን ጠርዝ ሁሉ ቆርጦ ጣለ። የጣለው ባሕሩን ነበር።

አሁን ባሕሩን አየው። ባሕሩ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ውሃ መቼም አይዘምም። የዘመመው አውሮፕላኑ ነው፤ በሦስቱም ፎቶ፣ ወደ ራሱ ቀኝ።

«ሦስት ፎቶ አንሺ በአንዴ አይሰክርም!» ብሎ ጮኸ።

ፖስተኛው ከባንኮኒው ማዶ ተጠግቶ አየ። «ይሄም ቦርሳ ተሸክሟል» አለ።

«አዎ ጋሼ! ነዳጁን ነው የተሸከመው! ቀኝ እግሩ ውስጥ አጭቀውታል። ሞተሩ ወደ ግራ ሲጠመዝዘው ክብደቱ ወደ ቀኝ ይይዘዋል። ቆሞ ይዘማል፣ ሲሮጥ ይቃናል!»

«በጣም ጥሩ። ትከሻዬስ?»

ቀጥ-በል እጁ ወደ ጌሙ ሲሮጥ እህቱ ማውዙን ቀማችው። «መጀመሪያ የሰውየው ትከሻ» አለች። ትከሻው ታትሞ ወጣ፤ ፖስተኛው በመስኮቱ ብርሃን ይዞ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ጠቅልሎ በቀኙ ተሸክሞት ሄደ።

ጌሙ ላይ መስታወት የሚሉት ቁልፍ አለ፤ በቀኝ የሠራኸውን በግራም ራሱ ይሠራልሃል። ቀጥ-በል ከተወለደ ያን ቁልፍ አጥፍቶ አያውቅም። አሁን አጠፋው። ነዳጁን ከግራ እግር እየቀዳ ወደ ቀኝ ገለበጠ። መጀመሪያ አበዛውና ቀዩ ቆሞ በቀኙ ሰጠመ። እንደገና። አሳነሰውና በግራው ተገለበጠ። እንደገና። ዓርብ የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ሁለቱ እግሮች ውሃውን እኩል ቀደዱና ቀዩ ትንሽ ከፍ አለ፤ ወዲያው በሩ ተንኳኳ፣ ሁለት መንታ ሕፃናት የያዘች እናት ገባች። ማረፉን ሳይሞክረው ቅዳሜ ደረሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ቀደም ብለው ዘጉ። እህቱ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ሥራ ስላጣሁ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ቀዩ ሐይቁ ላይ ወጣ። ቀኝ ክንፉ ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ቲቸር» አለ አውሎ፣ «ይሄ ገና ሳይነሳ ጠጥቷል።»

«አውሎ፣ አፍህን» አለች ቲቸር። «ቀጥ-በል፣ አውሮፕላንህ ዘሟል።»

«አዎ ቲቸር።»

«ይታወቅሃል?»

«አውቄ ነው ያዘመምኩት።»

ቀጥ-በልን የሚያውቁ ሁሉ ጆሯቸውን ተጠራጠሩ።

ሞተሩን ከፈተ። ቀዩ ተንቀጠቀጠ፤ የታወቀው ጠማማ ኃይል ወደ ግራ ሳበው። ቀኝ ክንፉ ቀስ እያለ ከውሃው ተነሳ፣ ተነሳ፣ ከግራው እኩል ሆነ። ሁለት ነጭ የውሃ መስመር ከኋላው ተተረተረ። መስመሮቹ ሳሱ፣ ሳሱ፣ ጠፉ።

«ሄደ እንዴ?» አለች እህቱ።

«ሄደ።» ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

የመጀመሪያውን ምሰሶ ሰፋ አድርጎ ዞረው። ሁለተኛውን ጠበብ አደረገ። በሦስተኛው ላይ አውሮፕላኑ ሊንሸራተትበት ሲል ያዘው። አሁን የቀረው ማረፍ ነው። ዝቅ ሲል ግን ቢጫዎቹን በርሜሎች አየ፤ ሩቅ ናቸው። ቶሎ ነው የወረደው። ውሃውን የሚነካው ከአጥሩ በፊት ነው።

«አጠረብህ! ጋዝ ስጠው!» ብሎ ጮኸ አውሎ። ከልቡ ይሁን ከተንኮል እስከ ዛሬ አልተለየም።

የቀጥ-በል ጣት ቁልፉ ላይ አረፈ። ሊጫን ሲል የነዳጁን መለኪያ አየ። ቀኝ እግር፦ ጭላጭ። ነዳጁን በልቶ ሊጨርሰው ነው፤ የሚይዘው ክብደት የለም። አሁን ሞተሩን ቢያጎላው የሚሆነውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሁለት ጉባኤ ሙሉ አይቶታል።

ጣቱን አነሳ። ጣቱ ግን የለመደው ነገር አለና እንደማይታመን ያውቃል። ስለዚህ ሁለት እጁን ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው።

«ምን እየሆንክ ነው?» አለች እህቱ።

«እያበረርኩ ነው።»

ቀዩ ውሃውን ነካ። ነጠረ፣ ደግሞ ነካ፣ መንሸራተት ጀመረ። በርሜሎቹ እየቀረቡ መጡ፤ ፍጥነቱም እየሞተ መጣ። ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለ። የቀጥ-በል ትከሻ ወንበሩ ላይ ወደ ቀኝ ሄደ፤ እጁ ግን አልወጣም። አፍንጫው በበርሜሎቹ መሃል ገባ። ክንፉ ገባ። ከዚያ በጣም ቀስ አለ፤ ደረቱ ገባ፣ ወገቡ ገባ። ቆመ።

«ጭራው ውጪ ነው!» አለ አውሎ።

«አንድም ሰው እንዳይተነፍስ» አለች ቲቸር። ወደ አጥሩ ተጠግታ፣ ከላይ፣ ከጎን፣ ከውሃው ልክ አየችው። የፈተና ወረቀት እንደምታርም ጊዜዋን ወሰደች። እህትየው የወንድሟን ክንድ ይዛ ነበር፤ ሥራ ስላጣች።

«የጭራው ጫፍ ከመስመሩ ውስጥ ነው» አለች ቲቸር በመጨረሻ። «በትንሹ። ትንሽም ሆነ ብዙ፣ ውስጥ ውስጥ ነው። ሆዱንም አይቼዋለሁ፤ የተደበቀ ነገር የለም። ቀዩ የቀጥ-በል ነው።»

ማዳመጫው በጩኸት ተሞላ። አውሎ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንኳን ደስ ያለህ። እኔ መቼም ቀይ ቀለም አይመቸኝም።»

እህቱ ጎንበስ ብላ አየችው። አሁንም እጆቹ ላይ ተቀምጧል።

«አለቀ እኮ» አለችው። «እጅህን አውጣ።»

«ቆይ እትዬ» አለ፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ እንደተተከለ። «መጀመሪያ ውሃው ይርጋ።»