ዲዳው ኦርጋን

ነስሮ «ቢስሚላህ» ብሎ አሥሩንም ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። ኦርጋኑ ትንፍሽ አላለም። እንደገና ጫን አደረገው። ከዚያ አንሥቶ ገለበጠውና ሆዱን አየ፤ ስፒከር የለው፣ የመብራት ገመድ መሰኪያ የለው።

«በየት በኩል ነው ይሄ የሚበላው?» አለ።

አሚን ላፕቶፑን ከቦርሳው እያወጣ ነበር። «ኃይል የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ነው።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁም ከኮምፒውተሩ ነው። እሱ ራሱ ድምፅ የለውም። የትኛውን ቁልፍ እንደነካህ፣ ምን ያህል እንደተጫንከው ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩ ሰምቶ ይጫወታል።»

ነስሮ ትንሽ አሰበ። «አሳባቂ ነው በለኛ።»

አሚን ሳቀ። ነስሮ አልሳቀም። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ የጎረቤታቸው ልጅ የናፊያ ሰርግ ይጀመራል፤ ዳሱ ተጥሏል፣ ስፒከሮቹ ቆመዋል፣ ሴቶቹ ከጓሮ ድስት ሲያማስሉ ይሰማል። የጎደለው የሙዚቃው ድምፅ ብቻ ነበር።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሚን ያውቃል። የአጎቱ ልጅ ነስሮ ጀጎል ውስጥ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሰርጉ ኦርጋን ተጫውቷል። አሚን ሜልቦርን ድምፅ ቀረጻ ተምሮ ሊመለስ ሲል ነስሮ ደውሎ «ቀለል ያለ ኦርጋን አምጣልኝ» አለው። አሚን ያመጣለት በትምህርት ቤቱ ሁሉም የሚጠቀሙበትን፣ ስስና ጥቁር የሆነውን፣ ከኮምፒውተር ጋር ብቻ የሚሠራውን የቁልፍ ሰሌዳ ነው። ሲገዛው ስለ ነስሮ አጨዋወት አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። «ከአሮጌው መቶ እጅ ይበልጣል» ብሎ ብቻ ነገረው። ነስሮም ያንን ቃል ይዞ አሮጌውን ኦርጋን ለጅጅጋ ሰው ሸጠው፤ በዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ ሠርቶ ውስጡ ያስቀመጣቸው የሰርግ ምቶችም አብረውት ሄዱ።

አሚን ከመጣ ሦስት ቀኑ ነው። ሦስቱንም ቀን ኦርጋኑ ከነላስቲኩ ተቀምጧል፤ አሚን እንክፈተውና እንሞክረው ቢል ነስሮ አሻፈረኝ አለ። አባቱ ከበሮ አዲስ ቆዳ ሲያለብስ የመጀመሪያውን ምት ሰርግ ቤት ነበር የሚመታው። «አዲስ ዕቃ ቤት ውስጥ ከተፈታ እዚያው ቤት ይቀራል» ይላል ነስሮ።

አሁን ተፈቷል።

«ስማኝ አሚን» አለ ነስሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው በፍላሽ ሙዚቃ እያጫወተ ልጁን መዳር ጀምሯል። ዛሬ እዚህ ቤት ዝም ካልኩ እስከ ነገ ፈጅር ሰላት ጀጎል ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠራኝም። ሌላ ሙያ የለኝም፣ ይገባሃል?»

«ይሠራል። ወላሂ ይሠራል።»

ላፕቶፑን ከፈተ፣ የሙዚቃ ሶፍትዌሩን አስነሣ፣ ገመዱን ሰካ። ሶፍትዌሩ ምንም የተሰካ ነገር አላይም አለ። ነቅሎ ሰካው። አሁንም አላየም። በሌላኛው ቀዳዳ ሞከረው፤ ኦርጋኑ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት በራችና ስሙ ከስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። አሚን የፒያኖ ድምፅ መረጠ፣ ከላፕቶፑ ወደ ስፒከሮቹ ሚክሰር ገመድ ዘረጋ። «በል።»

ነስሮ አንድ ቁልፍ ነካ። ድምፁ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ ከአሮጌው ኦርጋን የሚበልጥ ድምፅ። ግን ጣቱ ከወረደ በኋላ ቆየት ብሎ ነው የመጣው። ነስሮ የሰርግ ዜማ ጀመረና ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተደነቃቅፎ አቆመ።

«እኔ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ እሱ ገና መንገድ ላይ ነው» አለ።

አሚን አሁን ትዝ አለው። ሜልቦርን ይህን የምታስተካክል ትንሽ ሣጥን ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ስለነበረች መኖሯን ረስቶታል። ሣጥኗ ባትኖርም ሥራዋን የሚሠራ፣ ድራይቨር የሚሉት ነፃ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ መጠኑ ከአንድ ሙዚቃ አይበልጥም። «ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» አለና ወጣ።

ጠባቦቹን መንገዶች እየተጋፋ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ሮጠ፣ ባጃጅ ያዘ፣ የጀጎልን በር አልፎ አዲሱ ከተማ ኢንተርኔት ቤት ገባ። ቤቱን የምትጠብቀው ቤተልሔም የምትባል ልጅ አንድ ኮምፒውተር አሳየችው። ፋይሉ መውረድ ጀመረ። አሥር ከመቶ። አሥራ ሁለት። አሚን እንደ እሳት ዳር ሰው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። አርባ ላይ ቆመ፣ ቀጠለ። ሰማንያ አንድ ላይ ክፍሉ ጨለመ፤ የጣሪያው ማራገቢያ ፍጥነቱ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

«ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ይጠፋል?» አለ አሚን።

«አይ፣ ሰው ሲቸኩል ነው» አለች ቤተልሔም፣ ኪቦርዱን በጨርቅ እየሸፈነች።

ሩብ ሰዓት ጠበቀ። መብራቱ አልመጣም። የስልኩን ኢንተርኔት ሞከረ፤ ገጹ እንኳ አልከፈት አለው። ሲመለስ ባጃጁ ውስጥ ለነስሮ የሚለውን አዘጋጀ፤ አንዱም አላስደሰተውም። ስድስት ዓመት ተምሮ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚጓዝ ፈተና ተፈትኖ አልፎ፣ አንዲት ዜማ በሰዓቷ ማድረስ አቅቶታል።

ነስሮ እንደተወው ተቀምጧል፤ ጄኔሬተሩ ከጓሮ ይጮኻል። ዓይኑን ጨፍኖ አንዲቱን ቁልፍ ብቻ ይነካል፣ ይጠብቃል፣ ይነካል።

«አላገኘሁም» አለ አሚን። «መብራት ጠፋ።»

ነስሮ ዓይኑን አልገለጠም። «መዘግየቱ ሁልጊዜ እኩል ነው?»

«ምን?»

«አንዴ ብዙ አንዴ ጥቂት ይዘገያል ወይስ ሁልጊዜ እኩል ነው?»

«እኩል ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ትንሽ ልቀንሰው እችላለሁ። በጣም ከቀነስኩት ግን ድምፁ ይሰነጣጠቃል።»

«ሳይሰነጠቅ እስከሚችለው ድረስ ቀንሰው፤ ከዚያ ወዲያ አትንካው። እኩል የሚያረፍድ ሰው አግኝቼ አላውቅም። ይሄ ግን እኩል ካረፈደ እኔ ቀድሜ እነሣለሁ።»

አሚን ሐሳቡ ሲገባው ደነገጠ። «እያንዳንዱን ቁልፍ ከምቱ ቀድመህ ልትነካ? ሙሉ ሰርግ? ጆሮህ ያሳስትሃል እኮ።»

«ጆሮዬን አልጠቀምም። ከበሮ የሚመቱትን ሴቶች እጅ ነው የማየው።»

ለዚህ ግን ከበሮ ያስፈልጋል። ከበሮ ደግሞ የአክስታቸው የረሂማ ነው። ነስሮ ምቱን ከማሽን ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ይኸው አምስት ዓመት፣ ረሂማ ሰርግ የምትሄደው ለመብላት ብቻ ነበር። ነስሮ ሴቶቹ የተቀመጡበት ድረስ ሄዶ ፊቷ በርከክ አለ። አሚን ከኋላው ቆመ።

«አክስቴ፣ ዛሬ ከረቡውን ይምቱልኝ።»

ረሂማ ከበሮዋን ለማንሣት አልቸኮለችም። «ማሽኑ አመመው?»

«አሞታል።»

«አላህ ይማረው።» ዙሪያዋን ያሉት ሴቶች ሳቁ። «ከእንጨትና ከቆዳ ጋር ታረቅህ ማለት ነው።»

«ታረቅሁ። ግን አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ። ኦርጋኑን እንዳይሰሙት። ወደኋላ የቀረ ቢመስልዎት እንዳይጠብቁት። እርስዎ ከጠበቁት እኔም እዘገያለሁ፣ እርስዎም ይዘገያሉ፣ ሰርጉ ይተኛል።»

«አምስት ዓመት ጆሮ አልሰጠሁትም፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» አለችና እጇን ለከበሮዋ ዘረጋች።

ዐሥር ሰዓት ላይ ዳሱ ሞላ። ረሂማ ጀመረች፤ ሁለት ሴቶች በእንጨት ማጨብጨቢያ ተቀበሏት። ነስሮ ዓይኑን የእጇ አንጓ ላይ ተክሎ እጇ ገና አየር ላይ ሳለ ቁልፉን ነካ። የእጇ ምትና ከስፒከሩ የወጣው የኦርጋኑ ድምፅ ተገናኙ። አሚን ላፕቶፑ አጠገብ ተቀምጦ የነስሮን እጅ ተከታተለ። ጣቶቹ እዚያ፣ ዜማው እዚህ፤ አሚን ዓይኑን ከጨፈነ ሙዚቃው ልክ ነው፣ ከገለጠ ነስሮ ያበደ ይመስላል።

የመጀመሪያው ዜማ አለፈ። ሁለተኛው መካከል ላይ አሚን አንድ ነገር ሰማ፤ ከበሮው እየከበደ መጣ። ረሂማ ቃሏን ረስታለች። ትልቁ ስፒከር ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ቆሟልና ሳታውቀው የኦርጋኑን ድምፅ ትጠብቃለች፤ ነስሮ እሷን ይጠብቃል። ጭብጨባው ሳሳ። አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው ወደ ነስሮ ተመለከቱ። ነስሮ መናገር አይችልም፤ ዓይኑን ከእጇ ቢነቅል ሁሉም ይፈርሳል።

አሚን ተነሣ። በተቀመጡት ሰዎች መካከል እየተሽሎኮሎከ ስፒከሩ ጋ ደረሰ፣ በሁለት እጁ አቀፈውና ፊቱን ወደ በሩ አዞረው። አንድ ሰው «ዋርያ፣ ምን ነካህ?» አለው፤ አልመለሰም። ረሂማ አሁን የምትሰማው የራሷን ከበሮ ብቻ ነው። አራት ምት ያህል ተንገዳገደች፣ ከዚያ ቀጥ አለች። ፍጥነቷን አገኘች፣ ጨመረች። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሣ።

እስከ መግሪብ እንዲህ ሆነ። ነስሮ ውኃ እንኳ አልጠጣም። ጨዋታው ለሰላት ሲቆም ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር። ሪድዋን የሚባል የሶፊ ወረዳ ገበሬ መጥቶ ትከሻውን ነካው።

«ለእሁድ ልጄን እድራለሁ። ትመጣልኛለህ? ይሄንኑ ኦርጋን ይዘህ፤ ድምፁ ጥሩ ነው።»

ነስሮ ወደ አሚን አላየም። «ሲመሽ እነግርሃለሁ» ብቻ አለ።

ሪድዋን ሄደ። አሚን ሐሙስ ለሥራ ፈተና አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ፈተናው ላይ የሚያሳየው የሦስት ዓመት ሥራው በሙሉ እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ከሄደ ኦርጋኑ ተመልሶ ዲዳ ይሆናል።

«ኮምፒውተሩ ያንተ ነው» አለ ነስሮ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ እየጣለ። «አቦ፣ አልጠየቅኩህም።»

«ሰምቻለሁ።»

ነስሮ ውዱእ አድርጎ ሊሰግድ ሄደ። አሚን ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ። ፍላሹን ሰካና የሥራ ፋይሎቹን መቅዳት ጀመረ፤ ሁሉም አይገቡም፣ መምረጥ ነበረበት። የትኛው እንደሚቀር መወሰን ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ነስሮ ሲመለስ የኦርጋኑን ካርቶን ክዳን ቀድዶ በትልልቅ ፊደል እየጻፈበት አገኘው፤ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አብራ፣ ቀጥሎ ገመዱን በቀኙ ቀዳዳ ስካ፣ ቀይዋን መብራት ጠብቅ።

ነስሮ ጎንበስ ብሎ አነበበ። የመጨረሻው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይሄ የምን ቋንቋ ነው?»

«የይለፍ ቃሉ ነው። ያለ እሱ አይከፍትልህም።»

«ቀይረው። እኔ የማልረሳው ነገር አድርግልኝ።»

«ምን ላድርገው?»

ረሂማ ከወዲያ ከበሮዋን መታ መታ አደረገች። ነስሮ ወንበሩን ወደ ቁልፎቹ ሳበ፣ ዓይኑን ወደ እጇ መለሰ። «እየተጫወትኩ አስብበታለሁ» አለ።