ፍየል የማትነካው አበባ

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ለዓመታት ከእጇ የበላችሁትን ሴት፣ አንድ ሰው ተነስቶ ክፉ ስለተናገረባት ብቻ እንደ ተስቦ ትሸሿታላችሁ? ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን አበሩን ሸሿት።

ጊዜው የ2007 እንቁጣጣሽ ነው። እድሩ እንደ ልማዱ በግቢው ምሳ አዘጋጀ፤ ጥብሱንም እንደ ልማዱ አበሩ ሠራች። በሠርግም በሐዘንም የእድሩ ድስት በእሷ እጅ ነበርና ከእጇ ያልቀመሰ አባል የለም። የዚያን ቀን ግን ሰዉ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ሆዱን ይይዝ ጀመር። አንዱ ያስመልሳል፤ ሌላው “ዓይኔ ብዥ አለብኝ” ይላል። የከባድ መኪና ሾፌሩን ጎሳዬን ግን ልቡ መምታት ልታቆም ደርሳ፣ ተሸክመው ነው ሆስፒታል የወሰዱት። ሐኪሙ ሥጋው እንዳልተበላሸ፣ ይህ ምልክት የተክል መርዝ እንደሚመስል ተናገረ።

ጎሳዬ ዳነ። የአበሩ ስም ግን ታመመ።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ዓለምሰገድ ወደብ ላይ የሚሠራ ትራንዚተር ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደ ሸሚዙ። በሳምንቱ አባላቱን ሰብስቦ፣ “በወጥ ቤታችን ግድየለሽነት የደረሰው አደጋ ሁላችንንም አሳዝኗል። ከዛሬ ጀምሮ ወይዘሮ አበሩ የእድሩን ድስት እንዳይነኩ ኮሚቴው ወስኗል” አለ። ወይዘሮ አበሩ በስብሰባው አልነበረችም። የጠራት የለም፤ የጠየቃትም የለም። ሰዉም አጨበጨበ፤ ለምን እንዳጨበጨበ እግዜር ይወቀው!

ትንሽ ቆይቶ ከከተማው ዳር ባልባላ ሰፈር አንዲት የእድሩ አባል እናቷ ሞቱባት። አበሩ ምስር ወጥ ሠርታ፣ ትኩሱን ድስት በጭኗ ይዛ በሚኒባስ ሄደች። ድስቱን በሁለት እጅ ተቀበሏትና ጥግ ላይ አስቀመጡት። ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ አጽናናች። ልትሄድ ስትነሳ የድስቱ ክዳን እንዳለ ነው፤ እንጀራው ግን ከሌላ ሰው ወጥ ጋር አልቋል።

“ጠገብን እኮ አበሩዬ” አለቻት ባለ ሐዘኗ፣ መሬት መሬት እያየች።

አበሩ ድስቷን ይዛ ተመለሰች። ሚኒባስ ውስጥ አላለቀሰችም። ንዴት እንባን ያደርቃል። “ጠገብን! እኔ መርዝ አብሳይ ልባል? ሰው ቢርበው እንኳ ከእኔ ድስት ጦሙን ማደር ሊመርጥ?” ድፍን መንገዱን ከራሷ ጋር ስትሟገት መጣች። ሥጋውን ራሷ መርጣ ገዝታለች፤ ቅቤውን ራሷ አንጥራለች፤ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን ራሷ ከትፋለች። ሌላ እጅ የነካው ምን ነበር? አንድ ነገር ብቻ፤ የጥብስ ቅጠሉ።

የጥብስ ቅጠል የጅቡቲን ሙቀት በቀላሉ አይችልም። እድሩ ግን ጎሳዬ በመኪናው ከድሬዳዋ ባመጣው አፈር ግቢው ውስጥ መደብ ሠርቶለታል። በየዓመቱ ኸምሲን የሚሉት የሚለበልብ ነፋስ ሳይገባ ቅጠሉ ይታጨዳል፤ ጣሪያ ላይ ይደርቃል፤ ታሽቶ በወተት ዱቄት ጣሳ ይቀመጣል። በዚያ ዓመት ያጨደውም ያሸውም አቶ ዓለምሰገድ ራሱ ነው። “መሪ ሥራ አይንቅም” እያለ ፎቶ ሳይቀር ተነስቶበታል። አበሩ በእንቁጣጣሽ ዕለት ያንን ጣሳ ከፍታ፣ ሽታው ደስ ብሏት፣ እፍኝ እፍኙን ጥብሱ ላይ በትናለች።

በማግስቱ ከእንቁጣጣሽ ዕለት ጀምሮ ከዕቃዋ ጋር ቤቷ የቀረውን ጣሳ ይዛ ወደ ጎረቤቷ ወደ ማይሙና ሱቅ ሄደች። ማይሙና የሐረር ሰው ናት፤ ቅመም ትሸጣለች።

“ይህን እዪልኝ።”

ማይሙና ቆንጠር አድርጋ አሸተተች። “የጥብስ ቅጠል ነዋ። ምነው፣ አፍንጫሽም ተከሰሰ እንዴ?”

“በአፍንጫማ ነው የተታለልኩት። ሞቅ ያለ ውኃ አምጪ።”

ፍርፋሪውን ትሪ ላይ ዘርግተው ውኃ አፈሰሱበት። የደረቀው ቅጠል ቀስ እያለ ተከፈተ። አበሩ በመርፌ ጫፍ አንዱን ካንዱ ትለይ ጀመር። የጥብስ ቅጠሉ ቀጭን ነው፤ ዳርና ዳሩ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። ከእሱ ጋር የተቀላቀለው ግን ጠፍጣፋና እንደ ቆዳ ወፍራም ነው። መሃሉን አንድ ወፍራም ጅማት ሰንጥቆታል፤ ከጅማቱም ግራና ቀኝ ደቃቅ መስመሮች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረዋል። በራሱ ምንም ሽታ የለውም፤ ከጥብስ ቅጠሉ ጋር ከርሞ ግን የእሱን ሽታ ለብሷል።

“ወላሂ ይሄ ከኔ ሱቅ አልወጣም!” አለች ማይሙና።

“ማን ካንቺ ወጣ አለሽ? አንቺም ሳትጠየቂ መማል ጀመርሽ?”

“ምን ላድርግ፣ የዘንድሮ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚፈርደው።”

አበሩ በቀጥታ ወደ እድሩ ግቢ አመራች። ዘበኛው ሙሚን መደቡን ውኃ ያጠጣል። ሶማሌ ነው፤ አማርኛውን የተማረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ከጥብስ ቅጠሉ ረድፎች መሃል ሌላ ተክል ቆሟል። አንዱ ጥግ ላይ ያለው ሮዝ አበባ አውጥቷል፤ የቀሩት ከታጨዱ በኋላ ገና ማቆጥቆጣቸው ነው። አበሩ አንዱን ቅጠል ቀጠፈች። ያው ወፍራም ጅማት፣ ያው የማበጠሪያ ጥርስ! ከቆረጠችበት ነጭ ፈሳሽ ወጣ።

“ሙሚን፣ ይህን ማን ተከለው?”

“ሊቀመንበሩ። ሆዳን ሰፈር ካለ አንድ ቪላ ነው ያመጣው። በፈረንሳይኛ ሎሪየ ሮዝ ይባላል፤ ያምራል አይደል?”

“ማማሩን ተወው! ለምን ከሚበላ ቅጠል መሃል ተከለው?”

“ለፍየል ነዋ። ፍየሎቹ እየገቡ መደቡን ፈጁት። ይሄን ግን ፍየል አትነካውም። አጥር ይሆናል አለ።”

አበሩ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። “አንተ ሰውዬ! የጅቡቲ ፍየል ካርቶን ትበላለች። የሲሚንቶ ከረጢት ትበላለች። ሸሚዝ ከገመድ አውርዳ ትበላለች። እሷ የተወችውን ቅጠል፣ አንድ ጤነኛ ሰው ‘ለምን ተወችው?’ ብሎ አይጠይቅም?”

“እኔ ጠይቄው ነበር” አለ ሙሚን እየሳቀ። “‘አንተ ውኃህን አጠጣ’ አለኝ።”

አርብ ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። አበሩ ጥሪ አልጠበቀችም። በአንድ እጇ የጥብስ ቅጠል፣ በሌላው ያንን አበባ ይዛ ገባችና ሁለቱንም ሊቀመንበሩ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ያበጠውን ፍርፋሪ በሳህን አድርጋ አጠገባቸው አኖረች።

“እዩት፤ ተቀባበሉት፤ አሽቱት። ግን አደራ፣ ማንም አፉ ውስጥ እንዳይከት!”

“ወይዘሮ አበሩ፣” አለ አቶ ዓለምሰገድ ሸሚዙን እያስተካከለ፣ “ይህ የእድር ስብሰባ ነው፤ የእጽዋት ትምህርት ቤት አይደለም። ወደ አጀንዳችን እንመለስ።”

ከኋላ የሳቀ አለ። ሳህኑ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነበር። ጎሳዬ ጋ ሲደርስ ቆመ። ገና ፊቱ አልተመለሰም። ፍርፋሪውን አየ፤ ቅርንጫፉን አንስቶ አስተያየ፤ ከዚያ ሊቀመንበሩን ቀና ብሎ አየው።

“ጋሼ ዓለምሰገድ፣ እኔ አፈር ያመጣሁት ለዚህ ነው?”

ሳቁ ቆመ።

“ኮሚቴው ያጣራል” አለ ሊቀመንበሩ። “አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ለወይዘሮ አበሩ በግል እናስረዳቸዋለን።”

“በግል?” አበሩ ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረበች። “በግል ነው እንዴ ስሜን ያጠፉት? እኔ ሳልኖር፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ፈርደውብኛል። ለቅሶ ቤት ድስቴ ሳይከፈት የተመለሰው በእርስዎ ቃል ነው። የእርስዎን ይቅርታ በጓሮ በር አልቀበልም። ይህን ተክል ያመጣው ማን ነው? ከሚበላው ጋር አጭዶ፣ አድርቆ፣ በእጁ አሽቶ ጣሳ ውስጥ የጨመረውስ? ሐኪሙ የተክል መርዝ ነው ሲል ሰምተው መደቡን ያላዩት ለምንድን ነው? አጀንዳው ይሄ ነው፤ ሌላ አጀንዳ የለም። ይነሱና ይመልሱ አቶ ዓለምሰገድ! አሁን፣ እዚሁ፣ ሰዉ እየሰማ ይመልሱ!”