የበጉ ስኳር

ወዳጆ በፋሲካ ዕለት አዛለች ቤት በግ በልቶ ሄደ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገላው ሳማ እንደ ለበለበው ተጉረበረበ። ከንፈሩ አበጠ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሲያጣጥር አድሮ ነጋለት። ለገናም እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ ያኔም በግ፣ ያኔም አዛለች ቤት። አንዴ ቢሆን ምች ነው ይባላል። ሁለተኛው ግን ስም ይፈልጋል፤ የመንዝ ሰው ደግሞ ለእንዲህ ያለው ስም ቄስ አይጠብቅም። «መርዝ» አሉት።

ለሐሜትም የተመቸ ነበር። አዛለች የሟች ወንድሙ ሚስት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በገብሱ ማሳ ተካሰዋል። ቢካሰሱም ወዳጆ ዓመት በዓል ከቤቷ ቀርቶ አያውቅም፤ ለማሳው ቢጠላትም ለቅልጥሙ አይጠላትም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መኳንንት ለዳግማይ ትንሣኤ ስብሰባ ጠራ፤ ጥፋቷ ከታወቀ ወደ ወረዳ እንደሚልካት አስቀድሞ አስወራ። በዚያ ዘመን ወደ ወረዳ የተላከ ሰው መሄጃውን እንጂ መመለሻውን አያውቅም።

አዛለች ተስፋዋን በፕሮፌሰሩ ላይ ጣለች። ፕሮፌሰር ኃይለመስቀል የመምሬ ወልደ አማኑኤል ልጅ ናቸው፤ ገላ በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ሲመረምሩ የኖሩ፣ ለበዓል አባታቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ። ወዳጆን አስቀምጠው ጠየቁት። እሱም ከጓሳ ሣር አጨዳ ያመጣውን የመዥገር ንክሻ እያከከ መለሰላቸው። በጾሙ ደህና ነበር። የሌሊቱ ዶሮም ምንም አላለው። በግ ሲበላ ብቻ ነው፤ ያውም ውሎ አድሮ ሳይሆን በዚያው ቀን፣ ሲመሽ።

በስብሰባው ላይ ቆመው ለሕዝቡ አስረዱ።

«በሁላችንም ገላ ውስጥ ዘበኛ አለ፤ አብዮት ጠባቂ በሉት። ባዕድ ሲገባ በልብሱ ይለየዋል። ያ ልብስ አንዳንዴ ስኳር ነው። በበግ ሥጋ ላይ በሰው ገላ የሌለ ስኳር አለ፤ የወዳጆ ዘበኛ እንግዳውን ጠላት ብሎ ተነሣበት። ለምን በሱ ላይ እንደ ባሰ ገና አላወቅሁም። የጎዳው ግን ስኳሩ ነው፤ አዛለች አይደለችም።»

አዛለች እፎይ አለች። መኳንንት ግን ከንግግሩ ሁሉ አንዲት ቃል ለቅሞ ያዘ።

«ስኳር ነው አሉን፣ ፕሮፌሰር?»

ስኳር በማኅበሩ ሱቅ በስፍር የሚታደል ነበር፤ ከዚያ ውጭ የተገዛ ያስጠይቃል። አዛለች የበግ ፀጉር ሸጣ ከቀየት ገበያ ስኳር ቋጥራ መመለሷን ያላየ የለም። የማኅበሩ ሰዎች ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ቤቷ ገቡና ቋጠሮውን ከጎታው ሥር አወጡት። ፕሮፌሰሩ ያ ሌላ ነው፣ ይህ ሌላ፣ ያኛው በዓይን አይታይም እያሉ ለመኑ።

«የማይታየውን ለእርስዎ ትተን የሚታየውን ያዝን» አለ መኳንንት። ሰው ሳቀ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ በእንግዳ ተቀባይ ድምፅ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱት መቼ እንደሆነ ጠየቃቸው። ፕሮፌሰሩ ተቀመጡ።

አዛለችን እስኪወስዷት ድረስ በማኅበሩ መጋዘን ዘጉባት። በግቢው በግ ታረደ፤ ነገሩ መቋጨቱን ለማክበር። በግድግዳው ቀዳዳ ታያለች። ለወዳጆ ጎድን አነሡለት፤ ይኼኛው ስኳር ያልነካው ነው አሉት። እሱ ግን ሥጋውን እንደ ያዘ ወደ መጋዘኑ አየት አደረገ።

ዝም ብትል፣ በጉ የእሷ አይደለምና፣ የገዛ ገላው ሲመሽ ይመሰክርላታል። ዝም ለማለት ፈለገች፤ መፈለጓ አስፈራት።

«ወዳጆ፣ በወንድምህ አጥንት ይዤሃለሁ፤ በግ አትብላ።»

መኳንንት ቀስ ብሎ ዞረ።

«ሰማችሁ? ታስራም ትዝትበታለች። ዛሬ አንድ ነገር ቢሆን ሁላችሁም ምስክር ናችሁ።»

ያን ጊዜ ገባት። ወዳጆ ደህና ካደረ መርዘኛ ናት፤ ካበጠም ረጋሚ።

ወዳጆ የሰው ዓይን ሲበዛበት አፈረና ጎድኑን ጋጠ። አጥንቱን ለውሻ ጥሎ እጁን በሱሪው ጠረገ። ፀሐይ በመርሐቤቴ በኩል ስታዘቀዝቅ ጨዋታው ደርቶ ነበር። አዛለች ከቀዳዳው አልተነሣችም። ወዳጆ በሰው ወሬ እየሳቀ፣ ልብ ሳይለው፣ መዳፉን ማከክ ጀመረ።