ባለተራ

ሆላንዳዊው ሮቢ ያመጣውን አበባ ለጎረቤቷ ለእትዬ ፀዳለ አስታቅፎ ከሐዘንተኛዋ ከሳያት አጠገብ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስኪልደርስዋይክ በተባለው ሰፈር ባለው በዚህ ጠባብ ቤት ለቀስተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ዝም ብሏል። ሮቢ ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ዝም ብሎ መቀመጥም ወግ መሆኑን የነገረው የለም። ስለዚህ ስለ ሥራ አወራ። ፕሮግራሙ ላይ ያለው ያ የስም ለውጥ አሁን ሊጸድቅ ይችላል አላት፤ የሚቃወም የለም።

የሚቃወመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ወንድሟ ሊባኖስ። ትናንት ቀበሩት።

ሦስቱም ሮተርዳም አንድ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ነበሩ። የሊባኖስ ስክሪፕቶች፣ እሱ የሚጽፋቸው አጫጭር ፕሮግራሞች፣ ፋይሎችን አንድ በአንድ እያነሱ ሶፍትዌሩን ይገጣጥማሉ። በየዙሩ ለሚነሳው ፋይል መጠሪያ ያስፈልጋል። ሌላው ሰው አንዲት ፊደል ጽፎ ይገላገላል። ሊባኖስ ግን፣ ግትር ነገር፣ በላቲን ፊደል «ባለተራ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ሳያት ሁሉንም በእንግሊዝኛ ቀይራ እንዲያጸድቀው ላከችለት።

«ሮቢ እኮ አይገባውም» አለችው ያኔ።

«ይጠይቀኛ። እነግረዋለሁ።»

ሮቢ አልጠየቀም። ሊባኖስም ሳያጸድቀው ልቡ ቀጥ አለ።

ቃሉን ከየት እንዳመጣው ታውቃለች። ስደተኛ ጣቢያ ሳሉ፣ እሷ ገና ልጅ ሆና፣ የምግብ ሰልፍ ላይ ጉልበተኛ ገፍቶ ሲገባ ሊባኖስ ጮክ ብሎ «ባለተራ ማነው?» ይል ነበር። ሰውዬው አፍሮ ይመለሳል። የራሳቸው ተራ ሲደርስ ግን ልጅ ለታቀፈች እናት ይለቃል፤ ሳያት ርቧት ትናደድበታለች። አሁን ያ ንዴት እንኳ ናፈቃት።

ማጽደቁ የእሷ ሆኗል። እሺ ካለች ቃሉ ከየስክሪፕቱ ይጠፋል፤ እምቢ ብትል ደግሞ ለማን ብላ ትከራከራለች? እሺ ልትለው ወደ ሮቢ ዞረች።

እትዬ ፀዳለ ከኩሽና ብቅ አሉ። ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድምና ምግቡን ሴቶቹ በየተራ ከየቤታቸው ያመጣሉ።

«የዛሬ ባለተራ ማናት?»

ሮቢ ቀና አለ። ከአማርኛ ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል ያውቃታል፤ ለዓመታት አንብቧታል።

«ምን ማለት ነው?»

ተራው የደረሰ ማለት ነው አለችው፤ ማንም ሊቀድመው የማይገባ። ወንድሟ ሊመልስ የጠበቀውን ጥያቄ እሷ እየመለሰች መሆኑ ሲገባት፣ ከቀብሩ ወዲህ እምቢ ያላት እንባ መጣ። ሮቢ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ እንደ ለቀስተኛው ግድግዳውን ተደገፈ።

ስልኳን አውጥታ ለውጡን ሰረዘችው። እህል ከቀመሰች ቆይታለች። የመጀመሪያው ሳህን ሲመጣላት በሁለት እጇ ተቀብላ ለሮቢ አሳለፈችው።