የሁለት ሬዲዮ ስምምነት

ሰፈሩ አባቴን «ጄኔራሉ» ማለት የጀመረው ጦርነቱ በተነሳ ሰሞን ነው። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው የጭነት መኪና ሲነዳ ነው፤ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። ግን ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለውን መንገድ ኩርባው ሳይቀር ያውቀዋል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚሰማው ሰው አጥቶ ሲቆዝም ከርሞ ጦርነት መጣለት። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ያለው ይመስለኝ ነበር።

ሳሎን ውስጥ ሁለት ሬዲዮ ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ የኛን አገር ዜና ያወራል፣ ሌላው የነሱን። የኛው «ሃያ ኪሎ ሜትር ገፋን» ካለና የነሱ «ከቦታችን አልተነቃነቅንም» ካለ፣ አባቴ አሥር ብሎ ይፈርዳል። «ሁለቱም ይዋሻሉ፤ መሀሉን መያዝ ነው» ይላል። የሚያናድደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ ሊያስለጥፉ የሚመጡ ሾፌሮች «ጄኔራሉ ዛሬ ምን አሉ?» ሳይሉኝ አይሄዱም።

ለእኛ ግን የወሬ ማሟሻ አልነበረም። «ትንሿ» የምንላት ታናሽ እህቴ ያገባችው ከድንበሩ ማዶ ነው፤ ቤቷም የድንበሩ ድልድይ አጠገብ ባለችው ከተማ። መንግሥታቱ ድልድዩን ዘጉት እንጂ ስልኩን አልዘጉትም፤ ከምሳ በኋላ ትደውላለች። «አባዬ፣ እንውጣ ወይስ እንቆይ?» ብላ የምትጠይቀው እሱን ነው። ባሏ እንኳ፣ አገሩ ሆኖ ሳለ፣ የአባቴን ቃል ነበር የሚጠብቀው።

አንድ ቀን ዕቃቸውን የጎረቤት ፒካፕ ላይ ጭነው ሲጨርሱ ደወለች። የከተማው ሰው እየወጣ ነበር። አባቴ «ቆይ፣ ዜናውን ልስማ» ብሎ ሁለቱንም ሬዲዮ ከፈተ። የኛው «በድልድዩ አካባቢ ምንም ውጊያ የለም» አለ። የነሱም ያንኑ አለ።

አባቴ ጭኑን መታ። «በቃ፣ ተስማሙ! እነዚህ ውሸታሞች አንድ ቃል የሚናገሩት እውነት ቢሆን ነው።»

እናቴ «ታዲያ ሰዉ የሚወጣው አብዶ ነው?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ መንገዱን ታውቂዋለሽ? በዚህ ዝናብ ያቺ ፒካፕ ኩርባው ላይ ትገለበጣለች። ልጄ፣ የትም አትሂጂ። አውርዱት ዕቃውን።»

ትንሿም «እሺ አባዬ» አለች። ድምፅዋ ቀለል ብሎ ነበር።

እንግዲህ የኛዎቹ «ውጊያ የለም» ያሉት ሊያጠቁ ተዘጋጅተው ነው። የነሱዎቹ እንዲያ ያሉት ወታደሮቻቸውን አስወጥተው ከተማዋን ጥለው ስለሸሹ ነው። አሁን ሁሉም ያውቀዋል፣ ምን ዋጋ አለው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከእሷ ስልክ ተደወለ። አከራይዋ ነበሩ፣ አሮጊት ሴት። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት። ቤቱን መድፍ መትቶታል፤ ትንሿ ውስጥ ነበረች።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። «የማን መድፍ ነው?»

ሴትዮዋ መለሱ። «እኔ ምን አውቄ ወንድሜ። ወድቆብን እንጂ ሲተኩስ አላየነው። ትናንት ዕቃዋን ስታወርድ ‹ምነው?› ብላት ‹አባቴ ቆዪ ብሎኛል› አለችኝ። ባሏ ሐኪም ቤት ነው፣ አይናገርም። የደወልኩት ምን እናድርግ ብዬ ነው። ትመጣላችሁ ብለን እናቆያት፣ ወይስ እንቅበራት?»

ለየከተማው ሲፈርድ የከረመው ሰው ወደ እኔ ዞረ፣ ወደ ሬዲዮዎቹ ዞረ። «ምናልባት... ድልድዩ ይከፈት እንደሆን... ዜናውን ልስማና...»

እናቴ ተነሳች። ስልኩን ከእጁ ስትወስድ አላየችውም፤ እስከ ዛሬም ፊቱን ቀና ብላ አታየውም።

«ቅበሯት፣ እህቴ» አለች። «ማንንም አትጠብቁ።»